ለአሮጌ ቮልስ የሞቶር ዕቃ አመራረጥ



የመጨረሻይቱ አሮጌ ሞዴል ቮልስ በሜክሲኮ አገር በ1995 ዓ.ም. ከተሠራች ወዲህ ያለችውን ማደስ ግድ ሆኗል። ሞቶሯን የሚያድስ ሰውም ብዙ ጊዜ ኃይሏን ሊጨምር ይሻል። እኛ የሸዋ ሮቢት ተማሪዎች ግን ከዕቃው በፊት መንገዱ ይታወቅ እንላለን።

ከተማችን በይፋት ቆላ፥ 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚያ አየሩ ከእኛው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ሞቶር ይደክማል።

ስለዚህ አንዳንዱ ጭመቃው የበዛ ፒስተን ይመርጣል። ይህ ለዳገቱ ይረዳል፤ በቆላው ሙቀት ግን ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየነደደ ሞቶሩ ያንኳኳል፥ ፒስተኑም ሊበሳ ይችላል። ቮልስ የምትቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየርና በዘይት መሆኑን አንርሳ።

ሌላው መንገድ ሲሊንደሩን ማስፋት ነው። የ1600ው ሞቶር 85.5 ሚሊሜትር ፒስተን በ90.5 ቢለወጥ 1776 ሲሲ ይሆናል። ይሁን እንጂ የሞቶሩ ገላና ቴስታታው በቶርኖ ቤት ካልሰፉ አይገጥምም። ጭመቃው እንደገና ይለካል፤ ካርቡራተሩ ይስተካከላል፤ ለዘይቱም ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ይታሰባል። ይህን ሁሉ የማይችል ኪስ ፒስተኑን ብቻ ባይገዛ ይሻለዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ፍሬኑ ይታደስ፤ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ለሚወርድ ሰው ከመሮጥ ይልቅ መቆም ይበልጥበታልና።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ የሞቶርም ብርታት በዕቃዎቹ ስምምነት ነው።