ከወደብ እስከ ማከፋፈያ ጣቢያ፦ የማጓጓዣ ገንዘብ ከለጋሾች ስለሚጠየቅበት ሁኔታ የተሰጠ ንግግር



ለበጎ አድራጎት ሥራ ገንዘብ የሚያሰባስብ ድርጅት ከለጋሹ ፊት ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው የተራበ ሕፃንና የእህል ጆንያ ነው። ጆንያውን ከመርከብ የሚያወርደው የወደብ ሠራተኛ፣ የሚያጓጉዘው የጭነት መኪና፣ በመንገድ ላይ የሚያልቀው ነዳጅና ጎማ፣ የመጋዘኑ ዘበኛ ግን በማመልከቻው ውስጥ ወይ ጨርሶ አይገኙም፣ ወይም «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚል አንድ መስመር ተሸፍነው ያልፋሉ። ይህ ልማድ በ1977 ዓ.ም. ምን እንዳስከተለ ማስታወስ ዛሬም ይጠቅማል።

የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው በመጋቢት 1976 ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። የተገኘው ምላሽ እጅግ አነስተኛ ነበር። የዓለምን ሕዝብ የቀሰቀሰው የኮሚሽኑ ሪፖርት ሳይሆን ቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ከኮረም ያሳየው ፊልም ነው። ከዚያ በኋላ በእነቦብ ጌልዶፍ አስተባባሪነት የባንድ ኤይድ ሸክላ ታትሞ ተሸጠ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977ም የላይቭ ኤይድ የሙዚቃ ዝግጅት በለንደንና በፊላዴልፊያ ተካሄደ። ገንዘቡም መጣ፤ እህሉም መጣ።

ነገር ግን እህሉ አሰብ ላይ ተከመረ። ከአሰብ በሚሌ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው መንገድ ረጅምና አድካሚ ሲሆን፣ የጭነት መኪናው ቁጥር ከእህሉ ብዛት ጋር አልተመጣጠነም፤ መለዋወጫም እንደልብ አይገኝም ነበር። ስንዴ የሰጠ ሁሉ የስንዴውን ማጓጓዣ አብሮ አልሰጠም። ባንድ ኤይድ ከሰበሰበው ገንዘብ ከፊሉን ለመርከብ ኪራይና ለጭነት መኪና ግዢ ማዋሉ በጊዜው ከታዩት አስተዋይ ውሳኔዎች አንዱ ነው፤ ሸክላውን የገዛው እንግሊዛዊ ወጣት የመኪና ጎማ እገዛለሁ ብሎ እንዳልተነሣ ግን የታወቀ ነው።

የመኪናው ጉዳይ ሌላም ክርክር ነበረው። በዚያው ዘመን ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስዶ ሲሰፍር፣ ለእህሉ የሚያስፈልጉት መኪኖች ለሰፈራው ዋሉ የሚል ቅሬታ ከለጋሾች ተሰማ። ብዙ ሰፋሪ ያለፈቃዱ መወሰዱ ሲታከልበት ቅሬታው መሠረተ ቢስ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ መግለጫ በማብዛት ማስወገድ አይቻልም፤ የእያንዳንዱን መኪና ጉዞ፣ ጭነትና ነዳጅ የያዘ፣ ለጋሹም ገልጦ ሊያየው የሚችል መዝገብ ያስፈልጋል።

ሕጉም ከዚህ ጉዳይ ጋር ግንኙነት አለው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ሲደነግግ፣ ተከትሎት የወጣው መመሪያ ለሥራው የሚያስፈልገውን ብዙ ወጪ በአስተዳደር ውስጥ በማስገባቱ ራቅ ባለ ገጠር የሚሠሩ ድርጅቶች ተቸግረው ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያው ወደ 20 በመቶ ቢወርድም ትርጉሙ ጠቧል፤ የአስተዳደር ወጪ ማለት ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘ፣ ድርጅቱ ሕልውናውን እንዲጠብቅ የሚያስፈልግ ወጪ ነው። እህል የሚያመላልሰው መኪና ነዳጅ እንግዲህ የፕሮጀክት ወጪ ነው፤ ለቢሮ ሥራ የሚውለው መኪና ነዳጅ ግን አይደለም። ሒሳብ ሹሙ ሁለቱን በአንድ ደረሰኝ ካጠቃለላቸው ሕጉ የሰጠው ጥቅም ይጠፋል።

ዛሬ ወደቡ ጅቡቲ ነው። በማመልከቻ ላይ የሚሰፍረው የአንድ ኩንታል ስንዴ ዋጋም በማከፋፈያ ጣቢያው ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚኖረው ዋጋ መሆን ይገባዋል። ለጋሹ ስንዴውን ብቻ እሰጣለሁ ካለ፣ ቀሪውን የሚሸፍን ሌላ ለጋሽ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ይፈለጋል።