የወደቀ ሮኬት ስለሚሰጠው ትምህርት
(በናይሮቢ ለተሰበሰቡ መምህራን የተደረገ ንግግር)



ከናይሮቢ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በጁጃ ከተማ፥ በጆሞ ኬንያታ የእርሻና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፥ ናኩጃ በተባለው የሥራ እቅድ ተማሪዎች ሮኬት እንደሚሠሩ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ይህን የመሰለ ሥራ ወደ ትምህርት ቤቶቻችን በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፤ ይኸውም ሮኬቱ ተሰብሮ ሲወድቅ ተማሪው ምን ይማራል የሚለው ነው።

ሮኬት ሲወጣ ለተመልካች ደስ ያሰኛል። የሠሪው ብልሃት በይበልጥ የሚፈተነው ግን ሲመለስ ነው። ሞተሩ በጥቂት ሴኮንድ ነዶ ያልቃል። ሮኬቱ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ የአየርን ግፊት የሚለካው መሣሪያ ጥቂት ባሩድ ያቀጣጥላል፤ ባሩዱም አካሉን ለሁለት ከፍሎ ፓራሹት የሚባለውን ጃንጥላ ያወጣል። በትልልቆቹ ሮኬቶች በመጀመሪያ ትንሹ፥ ወደ ምድር ሲቃረብም ትልቁ ጃንጥላ ይዘረጋል። ከነዚህ አንዱ ቢጓደል ሮኬቱ እንደ ጦር ተወርውሮ ይወርዳል፤ ከሥሩ ሰው ቢኖር ሕይወት ይጠፋል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መምህሩ «አልተሳካም» ብሎ መዝገቡን ቢዘጋ፥ ትምህርቱ ከስብርባሪው ጋራ ይቀበራል። ባሩዱ ነዶ ነበርን? ነዶ ከሆነ አካሉ ስለ ምን አልተከፈለም? ባትሪው ተቋርጦ ይሆን? የአየር መግቢያው ቀዳዳ ተደፍኖ ይሆን? ጃንጥላው በአስተጣጠፉ ተጠላልፎ ይሆን? የጥላሸቱ ምልክት፥ የተበጠሰው ገመድና መሣሪያው የመዘገበው ቍጥር ለነዚህ ጥያቄዎች ምስክሮች ናቸው።

አገሩም ራሱ ያስተምራል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ የሳሳ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ልክ የተመረጠ ጃንጥላ በዚህ ፈጥኖ ይወርዳል።

ታላላቆቹም ከዚህ ፈተና አላመለጡም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መስከረም 8 ቀን 2004 ዓ.ም. የአሜሪካው ናሳ ከፀሐይ የሚወጣውን ቅንጣት ሰብስባ እንድታመጣ የላካት ጀኔሲስ የተባለች መንኰራኵር ጃንጥላዋ ሳይዘረጋ በዩታ በረሓ በሰዓት 311 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ወደቀች። መርማሪዎች እንዳገኙት፥ የጃንጥላውን መዘርጋት ማስጀመር የነበረባቸው ትናንሽ መሣሪያዎች ተገልብጠው እንዲገጠሙ ተነድፈው ነበር። ስሕተቱን ሊገልጥ ይችል የነበረው ፈተናም፥ አሠራሩ ከቀድሞ መንኰራኵር የተወሰደ ነው በሚል እምነት ቀርቶ ነበር። ሊቃውንቱ ግን ተስፋ ሳይቈርጡ ከስብርባሪው ብዙ ናሙና ለቅመው ለምርምር አዋሉት።

እንግዲህ «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው የአባቶች ምክር ለሮኬትም ይሠራል። አካሉ በሚገባ መከፈሉ፥ ሰው ሁሉ ርቆ ቆሞ፥ በዐዋቂ ተቈጣጣሪነት አስቀድሞ በምድር ላይ ይፈተን። የተመረመረው ሁሉ በጽሑፍ ይያዝ፤ «ባለፈው ሠርቷል» የሚል ቃል በፈተና ምትክ አይቈጠር።

ከኃላፊዎች የምንለምነው ደግሞ ይህ ነው። ሮኬቱ የወደቀበትን ምክንያት በማስረጃ የገለጸ ተማሪ፥ ሮኬቱ በደኅና ከወረደለት ተማሪ ያነሰ ነጥብ አይሰጠው። ነጥብ የሚቀነስበት ከሆነ ጕድለቱን መሸሸግ ይለምዳል፤ የተሸሸገ ጕድለትም በሚቀጥለው በረራ በሰው ራስ ላይ ይወርዳል።