የሠራተኛው አሻራ አደራ ነው
በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ለማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማት ኃላፊዎችና ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



ዛሬ ጠዋት ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና ባሉ መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ብዙ ሠራተኛ ጣቱን ማሽን ላይ አሳርፎ ወደ ሥራው ገብቷል። የፊርማ መዝገብ ይሠራው የነበረውን አሁን አሻራ ይሠራዋል። ለቀረ ባልደረባ መፈረም ቀንሷል፤ የሰዓት አከባበርም ተሻሽሏል። ይህን ጥቅም አልክድም። የተሰበሰበው አሻራ እንዴት እንደሚያዝ ግን ልንነጋገርበት ይገባል።

ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ተቋም ከማንም ቀድመው የሚገቡ የጽዳት ሠራተኛ እናት ነበሩ። በበረኪናና በሳሙና ብዛት የጣታቸው መስመር ስለደበዘዘ ማሽኑ አላነብ አላቸው። በወሩ መጨረሻ የአራት ቀን ደመወዝ ተቆረጠባቸው። አቤት ሲሉ ያገኙት መልስ «ማሽን አይዋሽም» የሚል ነበር። ሲሚንቶ ሲያቦካ የሚውል ግንበኛም ይኸው ይደርስበታል። ጉዳቱ የሚበረታው በእጁ ሠርቶ በሚያድር ሰው ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ምሥጢር ነው። የጠፋ ቁልፍ ይቀየራል፤ የታወቀ የይለፍ ቃልም ይለወጣል። አሻራ ግን ዕድሜ ልክ አብሮን ይኖራል። ብዙዎቹ ማሽኖች የሚያስቀምጡት የጣቱን ምስል ሳይሆን ከመስመሮቹ የተሰላ የቁጥር ቅንብር ነው። ያም ቢሆን ሰውየውን ለይቶ የሚያሳውቅ በመሆኑ ጥበቃ ይሻል።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት ለፋይዳ ስንመዘገብ የአሥር ጣቶቻችንን አሻራ፣ የዓይናችንን አይሪስና የፊታችንን ምስል እንሰጣለን። ይህ ምዝገባ ግን አሠሪው የራሱን የአሻራ ማኅደር እንዲያከማች የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የባዮሜትሪክ መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ይመድበዋል።

በየካቲት 2016 የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽነር ሰርኮ ሌዠር የተባለ ድርጅት ለሥራ ሰዓት ቁጥጥር የፊት ምስልና የጣት አሻራ መጠቀሙን እንዲያቆም አዟል። ጉዳዩ በ38 የመዝናኛና የስፖርት ማዕከላት ያሉ ከ2,000 በላይ ሠራተኞችን ይመለከት ነበር። ለሠራተኞቹ ግልጽ አማራጭ አልቀረበላቸውም፤ በመታወቂያ ካርድ ሊከናወን የሚችል ሥራም አካልን መለካት አያስፈልገውም ተባለ። ከዚህ የምንማረው አለ፤ ደመወዙን የሚጠብቅ ሠራተኛ በአሠሪው ፊት «አልፈቅድም» ለማለት አቅሙ ትንሽ ነው።

ስለዚህ በየተቋማችን ልንፈጽማቸው የምንችላቸውን አራት ነገሮች ላሳስብ። ማሽን ከመትከላችን በፊት ካርድ ወይም የፊርማ መዝገብ ይበቃ እንደሆነ እንመርምር። አሻራው ለምን እንደሚወሰድና ማን እንደሚያየው ለሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ በጽሑፍ እንንገረው። ማሽኑ ላላነበበለት ሰው በዚያው ዕለት የሚፈርምበት መዝገብ ይኑር፤ የቅርብ ኃላፊው ሳያጣራም ደመወዝ አይቆረጥ። ሠራተኛው ሲሰናበት አሻራው ከማሽኑም ከኮምፒውተሩም ይሰረዝ።

እነዚህን ለመፈጸም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አደራ ተቀባይ መሆናችንን ማወቅ ይበቃል።