የጦርነት ወሬ እንዴት ይደርሰናል?

በደጋፊዎቻችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ከእናንተ ከደጋፊዎቻችን ዘንድ ደጋግሞ የሚመጣልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ስለዚያ አገር ጦርነት መስማት ካቆምን ሰንብተናል፤ ታዲያ ዕርዳታው አሁንም ያስፈልጋል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነው። ሰው የሰማውን ያስባል፤ መስማት ያቆመው ነገር ግን ያለፈ ይመስለዋል። ስለዚህ የጦርነት ወሬ ከጦር ሜዳ ተነሥቶ እቤታችን እስኪገባ ድረስ በምን መንገድ እንደሚያልፍ፣ በመንገዱም ላይ ምን እንደሚጎድልበትና ምን እንደሚጨመርበት ዛሬ ልንነግራችሁ እንወዳለን።

ለምሳሌ የምንወስደው የአገራችንን የ1928 ዓ.ም. ጦርነት ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ነገሩ ካለፈ ረጅም ዘመን ስለሆነውና እውነቱ ከሐሰቱ ስለተለየ ነው። የምንጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ወሬው የበዛበት ጊዜ

የኢጣሊያ ጦር ጦርነት ሳያውጅ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ። ጦርነቱ እንደማይቀር አስቀድሞ ስለታወቀ፣ ከአውሮጳና ከአሜሪካ አያሌ ጋዜጠኞችና ፊልም አንሺዎች በጅቡቲው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መጥተው ሆቴሎቹን ሞልተዋቸው ነበር። ነገር ግን ውጊያው የሚደረገው ከከተማው በብዙ መቶ ኪሎሜትር ርቆ ነው። ወደ ሰሜን ግንባር ለመሄድ ፈቃድ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። በለንደንና በኒውዮርክ የተቀመጠው አዘጋጅ ደግሞ በየቀኑ ወሬ ይጠብቃል፤ ሌላው ጋዜጣ ያወጣውን ያላወጣ ወኪል ይወቀሳል። ስለዚህ በከተማው የሚናፈሰው አሉባልታ ሁሉ በቴሌግራም እየተላከ በማግስቱ ትልቅ ዜና ሆኖ ይወጣ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ ያን ጊዜ የዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ወኪል ሆኖ አዲስ አበባ ነበረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1930 ዓ.ም. ባሳተመው «ስኩፕ» በተባለው ልብ ወለዱ፣ ሳያዩ የሚጽፉትን የጦርነት ጋዜጠኞች አፌዘባቸው።

በኢጣሊያ ወገንስ? በዚያ የፕሬስና የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረ። ጋዜጦቹ ምን ማውጣት፣ ምን መተው እንዳለባቸው ትእዛዝ ይሰጣቸዋል። ሉቼ የተባለው የመንግሥት የፊልም ድርጅት ወደ ጦሩ ሠራተኞች ልኮ መንገድ ሲሠራ፣ ወታደር ሲሰለፍ፣ ባንዲራ ሲሰቀል እየቀረጸ በሲኒማ ቤቶች ያሳይ ነበር። ከኢጣሊያ ጦር ጋር የሚጓዙት የውጭ ጋዜጠኞችም የሚልኩት ሁሉ በሳንሱር ያልፋል። እንግዲህ በሁለቱም ወገን ጋዜጠኛው የሚያየው እንዲያይ የተፈቀደለትን ነው ማለት ነው።

ጋዜጠኛው በቦታው ሲገኝ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኅዳር 26 ቀን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡና የአሜሪካውያን ሚስዮን ሆስፒታል ሲመታ፣ አያሌ ጋዜጠኞች ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው በከተማው ነበሩ። ስለዚህ ዓለም ወዲያው ሰማ።

ወሬው ያነሰበት ጊዜ

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ታኅሣሥ 12 ቀን በተከዜ አጠገብ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ተጣለ። በዚያ አንድም የውጭ ጋዜጠኛ አልነበረም። ታኅሣሥ 20 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ለመንግሥታት ማኅበር በጋዙ ነገር አቤቱታ አቀረቡ። በዚያው ቀን በደቡብ፣ መልካ ዲዳ በተባለ ቦታ፣ የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ በአውሮፕላን ተደበደበ። አንድ ስዊድናዊና በድንኳን ውስጥ የተኙ አያሌ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞች ሞቱ፤ የአምቡላንሱ መሪ፣ ከሚስዮናውያን ቤተ ሰብ የተወለዱት ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደርም ቆሰሉ።

የኢጣሊያ መንግሥት መልስ ምን ነበረ? ኢትዮጵያውያን በቀይ መስቀሉ ምልክት ሥር ወታደርና መሣሪያ ይደብቃሉ፤ የተከለከለ ጥይት ይተኩሳሉ፤ የተማረከ የኢጣሊያ አውሮፕላን ነጂንም ገድለዋል የሚል ነበረ። እንግዲህ በአውሮጳ የሚኖር ሰው ጋዜጣውን ሲገልጥ በአንድ ገጽ ላይ ክስና የመልስ ክስ ጎን ለጎን ተጽፎ ያገኛል። ማን እውነት እንደተናገረ ለመለየት መንገድ የለውም። ስለዚህ «ሁለቱም ይዋሻሉ» ብሎ ገጹን ይገለብጣል። ክሱን የሚያስተባብል ወገን አንባቢ እንዲያምነው የግድ አያስፈልገውም፤ አንባቢው ተጠራጥሮ ዝም ካለ ለእርሱ በቂ ነው። ይህን በዘመናችንም በየጦርነቱ እናየዋለን።

ወዲያውም የጋዜጦቹ ባለቤቶች ወጪው በዛብን፣ ወሬውም አነሰ ብለው ወኪሎቻቸውን እየጠሩ መመለስ ጀመሩ። የአምባ አራዶም ጦርነት በየካቲት፣ የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን ሲደረግ፣ በጥቅምት ሆቴሎቹን ሞልተው ከነበሩት የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ። ከቀሩት አንዱ የለንደኑ ታይምስ ወኪል ጆርጅ ስቲር ነው። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን እስክትያዝ ድረስ ቆይቶ በኢጣሊያኖች ተባረረ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የስፓኝን ከተማ የገርኒካን ከአየር መደብደብ ለዓለም የገለጠው ይኸው ሰው ነው።

ያዩት ሰዎች ምን አደረጉ?

ጋዜጠኛ በሌለበት ግንባር ግን ሌሎች ዓይኖች ነበሩ። እነዚህም ሐኪሞችና የአምቡላንስ ሠራተኞች ናቸው። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ ስዊሳዊው ዶክተር ማርሴል ዡኖ በመጋቢት ወር በኮረም አጠገብ በጋዝ የተቃጠሉ ብዙ ሰዎች ሜዳ ላይ ወድቀው አይተዋል፤ ያዩትንም ለጄኔቭ መሥሪያ ቤታቸው አስታውቀዋል። የመንግሥታት ማኅበር ስለ ጋዙ የሚያውቀውን እንዲሰጠው በጠየቀ ጊዜ ግን ቀይ መስቀሉ ገለልተኛነቱን ምክንያት አድርጎ ያለውን ማስረጃ አልሰጠም። የእንግሊዝ አምቡላንስ ሐኪሞች በበኩላቸው በጋዝ የተቃጠሉትን እንዳከሙ በይፋ መሰከሩ። መሪያቸው ዶክተር ጆን ሜሊ አዲስ አበባ በምትዘረፍበት ሰሞን ቁስለኛ ሲያነሡ በጥይት ተመትተው ሞቱ።

ይህ ነገር እንደ እኛ ላለ የተራድኦ ድርጅት ቀላል ጥያቄ አይደለም። ያየውን የተናገረ ድርጅት ከአገሩ ሊባረር ይችላል፤ ያን ጊዜ ቁስለኛውን የሚያክም፣ ለተራበው የሚያድል አይኖርም። ዝም ያለ ድርጅት ደግሞ ሥራውን ይቀጥላል፤ ነገር ግን በዝምታው ምክንያት ቁስለኛው ነገም ይበዛል። ቀይ መስቀሉ ያን ጊዜ የመረጠውን መንገድ አይተን በቶሎ ለመፍረድ አንደፍርም። ይሁን እንጂ የጋዙ እውነት በኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ የታመነው በ1988 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፣ ምስክርነት ሲዘገይ ምን ያህል እንደሚዘገይ እንማራለን። በመካከሉ 60 ዓመት አለፈ፤ ከተቃጠሉት ብዙዎቹ ይህን ሳይሰሙ ሞተዋል።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ፣ በአዳራሹ የነበሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ፤ ፖሊስም አስወጣቸው። ወሬ ለማድረስ የመጡ ሰዎች ምስክሩን ዝም ለማሰኘት ጮኹ። ከጥቂት ቀን በኋላም በኢጣሊያ ላይ ተጥሎ የነበረው ማዕቀብ እንዲነሣ ተወሰነ።

ሌሎቹ ሲተዉ የጀመረች ጋዜጣ

አዲስ አበባ በተያዘችበት ቀን፣ ማለት ሚያዝያ 27 ቀን፣ በለንደን የአንዲት ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ የመጀመሪያ ቁጥር ወጣ። ስሟ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ይባል ነበር፤ አዘጋጇ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናቸው። ታላላቆቹ ጋዜጦች ጦርነቱ አለቀ ብለው ወደ ስፓኝ ሲዞሩ ይህች ጋዜጣ አርበኞቹ ገና እንደሚዋጉ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የደረሰውንም እልቂት ትጽፍ ነበር። ጋዜጣዋ 20 ዓመት ቆየች። ወገንተኛ ነበረች፤ ወገንተኛነቷንም አልደበቀችም። ዋጋዋ የነበረው ግን ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ መቆየቷ ነው።

ኮረም ለሁለተኛ ጊዜ

ዶክተር ዡኖ የተቃጠሉትን ባዩበት በኮረም፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ የታየ ፊልም ተነሣ። ፊልሙን ያነሣው መሐመድ አሚን፣ ዘገባውን ያቀረበው ማይክል በርክ ነበሩ። ዓለም ደነገጠ፤ ዕርዳታውም ጎረፈ፤ ብዙ ሕይወት ተረፈ። ለዚህ ምስጋና ይገባል። ነገር ግን በብዙዎቹ ዘገባዎች ረሀቡ የድርቅ ብቻ ሥራ ሆኖ ተነገረ። በኤርትራና በትግራይ የሚካሄደው ጦርነት ገበያውን እንደዘጋ፣ ገበሬውን እንዳፈናቀለ የተረዳ ተመልካች ጥቂት ነው። ካሜራው የሄደው መንግሥት በፈቀደበት መንገድ ነበር። ተዋጊዎቹ በያዙት ገጠር ለነበረው ሕዝብ እህል ከሱዳን ይገባ የነበረው፣ የአብያተ ክርስቲያናት የተራድኦ ድርጅቶች በከፈቱት መንገድ፣ አውሮፕላን በመፍራት በሌሊት በሚጓዙ የጭነት መኪኖች ነው። በሌሊት የሚጓዝ መኪና ለካሜራ አይመችም፤ ስለዚህ ብዙም አልታየም።

በቅርቡም ተመሳሳይ ነገር አየን። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ጋዜጠኛም እንደ ልቡ መግባት አልቻለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ብዙ ቤተ ሰብ የዘመዱን መሞት የሰማው ከወራት በኋላ ነው። በሱዳን ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲነሣ ዓለም ለጥቂት ሳምንት ተመለከተ፤ የውጭ ዜጎች ከካርቱም ከወጡ በኋላ ግን ወሬው ቀዘቀዘ። በዳርፉር በዛምዛም መጠለያ ረሀብ መግባቱ በይፋ የተረጋገጠው ከዓመት በላይ ቆይቶ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሁሉ ሰው በእጁ ስልክ ስላለው ሥዕል አይጠፋም። ነገር ግን የአንዱ አገር የድሮ ሥዕል የሌላው አገር የዛሬ ወሬ ተብሎ ሲዞር ደጋግመን አይተናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የጦርነት ወሬ በሰማችሁ ጊዜ አራት ነገር እንድትጠይቁ እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ ተናጋሪው የት ሆኖ ይናገራል? በቦታው ነው ወይስ በሌላ ከተማ ሆቴል? ሁለተኛ፣ ወደዚያ እንዲሄድ ማን ፈቀደለት? የትኛውስ መንገድ ተዘጋበት? ሦስተኛ፣ የተነገረውን ቁጥር ማን ቆጠረው? አራተኛ፣ ስለ ማን ዛሬ ምንም አልተነገረም? የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ያልተነገረን ነገር ለማወቅ መፈለግን ይጠይቃል።

እኛም በበኩላችን በዚህ ጽሑፍ ለምንልክላችሁ ወሬ ተጠያቂዎች ነን። ሠራተኞቻችን ያዩትን ያየነው፣ የሰሙትን የሰማነው ብለን ለይተን እንጽፋለን። ሥዕል ስናወጣ የተነሣበትን ቦታና ጊዜ እንገልጣለን፤ የተራበውን ሰው የሚያዋርድ ሥዕል ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ ቢሆን እንኳ አናወጣም። ጎረቤት ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ለበጎ ሥራ ገንዘብ ለሚሰበስብም ሰው ጭምር የተሰጠ ነውና። የሠራተኞቻችንን ወይም የተረጂዎችን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ሲኖር ደግሞ ዝም ልንል እንችላለን፤ ያን ጊዜ በዚህ ምክንያት የማንጽፈው ነገር እንዳለ እንነግራችኋለን።

ከእናንተ የምንለምነው፣ ስጦታችሁን በወሬው ብዛት እንዳትመጥኑት ነው። ወሬው ሲበዛ ስጦታ ይበዛል፤ መጋዘኑም ይሞላል። ነገር ግን የተፈናቀለው ገበሬ ዘርና በሬ የሚፈልገው፣ እናት ያጣው ልጅ አሳዳጊ የሚፈልገው፣ ጋዜጠኞቹ ከሄዱ ከዓመት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በየወሩ ጥቂት የሚሰጥ ደጋፊ ካለን ያን ጊዜ ባዶ እጃችንን አንገኝም። በንግግራችን መጀመሪያ ላይ ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፤ መስማት ባቆማችሁ ጊዜ ጻፉልንና ጠይቁን። ያየነውን እንነግራችኋለን።

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።