ስለ ኤልዛቤት ኮተን የመጀመሪያ ሸክላ
(በሙዚቃ ክበባችን ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)

ሸክላውን ከማሰማታችን በፊት ስለ ባለቤቱ ጥቂት ቃል እንድንናገር ይፈቀድልን። ኤልዛቤት ኮተን በሰሜን ካሮላይና የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ስትሆን፣ ይህ የመጀመሪያ ሸክላዋ በ1958 እ.ኤ.አ. በፎክዌይስ ኩባንያ ሲወጣ ዕድሜዋ ከ60 ዓመት በላይ ነበር።

ገና በልጅነቷ በሰው ቤት ተቀጥራ ካገኘችው ደመወዝ አጠራቅማ በ3 ዶላር ከ75 ሳንቲም ጊታር ገዛች። ግራኝ ስለነበረች ጊታሩን ገልብጣ ይዛ፣ አውታሮቹን ሳታዘዋውር፣ ወፍራሞቹን በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ መምታት ራሷን አስተማረች። «የጭነት ባቡር» የተባለውን ዘፈኗን የደረሰችውም ያን ጊዜ፣ በልጅነቷ ነው። ዳሩ ግን የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ዓለማዊ ዘፈን ተይ ስላሏት፣ ትዳርና ሥራም ስለያዛት፣ ጊታሩን ለብዙ ዓመታት ተወችው።

በ1940ዎቹ ዋሺንግተን ከተማ በአንድ ትልቅ መደብር ስትሠራ የጠፋች ልጅ አግኝታ ለእናቷ አስረከበች። ልጅቱ ፔጊ ሲገር ነበረች። ኮተንም በዚሁ ምክንያት በሙዚቃ ሊቃውንቱ በሲገሮች ቤት በሠራተኛነት ገባች። አንድ ቀን የቤቱን ጊታር አውርዳ ስትጫወት እስኪሰሟት ድረስ ግን እነዚያ ሊቃውንት እንኳ እቤታቸው ማን እንዳለች አላወቁም። ሸክላውን በቴፕ የቀዳላት የቤቱ ልጅ ማይክ ሲገር ነው።

በዚህ ሸክላ ላይ ከቀድሞ ሰዎች የወረደው ዜማና የራሷ ድርሰት ጎን ለጎን ይሰማሉ፤ ጆሮ በቀላሉ አይለያቸውም። ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው። ሸክላው ከመውጣቱ በፊት «የጭነት ባቡር» ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በ1957 እ.ኤ.አ. በሌሎች አፍ ስመ ጥር ሲሆን፣ ደራሲ ተብለው የተመዘገቡት ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ደራሲነቷ የታወቀላት ከክርክር በኋላ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. የግራሚ ሽልማት ተቀብላ፣ በ1987 ዐረፈች።

ጓደኞች ሆይ፤ «የሕዝብ ዜማ ነው» ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። እኛም ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ከአዝማሪውም ከአልቃሽዋም ዜማ ስንቀዳ፣ ከዜማው በፊት ስማቸውን እንጻፍ። ደግሞስ እኛን ለማስተማር በየቤታችን እንጀራ የምትጋግረው ሴት በጓዳ ስታንጎራጉር፣ ዜማው የማን እንደሆነ ጠይቀናት እናውቃለን?

አሁን ሸክላውን እናሰማችኋለን።