ስለ ጫጩት ግዢ ለሠፈራችን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



እንቁላል በተወደደ ቁጥር «ጫጩት የት ይገኛል?» የሚል ጥያቄ ወደ ኮሚቴያችን ይመጣል። አሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ገንዘቡ ከኪሳችን ከመውጣቱ በፊት በኮሮና ጊዜ በአሜሪካ የታየውን ልናነሣላችሁ እንወዳለን።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የዚያ አገር ሰው ቤት ዋል ተብሎ፣ የሱቁም የእንቁላል መደርደሪያ ባዶ ሆኖበት፣ ወደ ጫጩት ገበያ ሮጠ። አስፈልፋዮቹ ለሳምንታት ያሰቡት ጫጩት ገና ሳይፈለፈል በትዕዛዝ አለቀ። (እዚያ የአንድ ቀን ጫጩት በፖስታ ይላካል። አስኳሉን በሆዷ ይዛ ስለምትፈለፈል እስከ ሦስት ቀን ያለ ምግብ ትቆያለች፤ እኛም ስንሰማ ገርሞናል።) ታዲያ በድንጋጤ የተገዛችው ጫጩት እንቁላል የምትጥለው ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ነው። እስከዚያ የምትበላው እኮ ከባለቤቷ ኪስ ነው! ሴትና ወንዱ ሳይለይ የገዛውም ግማሽ ያህሉ አውራ ዶሮ ሆነበት። በዚያው በፈረንጆች 2020 ከጓሮ ዶሮ በተያያዘ ሳልሞኔላ የታመሙ ከ1,700 በላይ ሰዎች ተመዝግበዋል። ጤነኛ የምትመስል ጫጩትም በሽታውን ስለምትይዝ፣ ልጆች ጫጩት ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ መሳምማ ፈጽሞ አይገባም።

ወደ ሠፈራችን እንመለስ። የኛ ትልቁ ጠላት ፈንግል ነው። ባለፈው ዓመት ከመንገድ አዟሪ የተገዙ ጥቂት ጫጩቶች አንድ ግቢ ገብተው በሁለት ሳምንት የሦስት ጎረቤት ዶሮ አለቀ። ገዢዎቹን አንወቅስም፤ አላወቁም። ያሳዘነን የሞቱትን ቀብሮ እንደመገላገል ቦይ ውስጥ መጣላቸው ነው።

የ45 ቀን የምትገዙ፣ የትኛውን ክትባት እንደወሰደች ሻጩን ጠይቁ። የአንድ ቀን የሚወስድ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያዘጋጅ። መለኪያ ባይኖር ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ከተደራረቡ በርዷቸዋል፣ ሸሽተው ካለከለኩ በዝቶባቸዋል።

የፈንግል ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፤ ከተበጠበጠ ለነገ አያድርም። ለአምስት ዶሮ ከፍቶ ቀሪውን መድፋት ኪሳራ ነው። ስለዚህ ያላችሁም፣ ልትገዙ ያሰባችሁም እስከ ቅዳሜ ቁጥሩን አስመዝግቡ፤ ሐኪም ጠርተን በአንድ ጠዋት እናስከትባለን። የታመመ ዶሮ ያለው ግን ይዞ እንዳይመጣ፤ ሐኪሙ መጨረሻ ላይ ቤቱ ድረስ ይሄድለታል።