ትያትር ወደ ገበያው ይውጣ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ የመጣሁት ከአቦምሳ ነው። ስለ ትያትር ልናገር ስነሣ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል፤ ግድ የለም።

አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን በ1927 ዓ. ም. ሲያቋቁሙ ጣሊያን ጦሩን በድንበራችን ያከማች ነበር። ማኅበሩ የታሰበው ለመዝናኛ ሳይሆን ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለአገሩ ለመቀስቀስ ነው። ወረራው ሥራውን አቋረጠው፤ ከነጻነት በኋላ ግን እንደ ገና ተነሣ፤ ዛሬም ፒያሳ ላይ አለ። በ1948 ዓ. ም. የተከፈተው፥ አሁን ብሔራዊ የምንለው ትያትር ቤትም ያው በአዲስ አበባ ነው። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ በየአውራጃው የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ነበር። የመንግሥት ቅስቀሳ ቢበዛባቸውም፥ ብዙ የገጠር ልጅ መድረክ ያየው በእነርሱ ነው።

ባለፈው ክረምት እኛም አንድ አጭር ተውኔት ይዘን አቦምሳ ገበያ ወጣን። ተውኔቱ በዐማርኛ ነበር። ቅቤ ሊሸጡ ከገጠር የወጡ አንዲት እናት ጥቂት ቆመው ካዩ በኋላ «ልጄ፥ ምን እያላችሁ ነው?» ብለው በኦሮምኛ ጠየቁኝ። አፈርሁ። ለማን ነበር የተጫወትነው?

ስለዚህ የዘንድሮው ተውኔት ከመጀመሪያው በኦሮምኛ ይጻፍ እላለሁ፤ ከዐማርኛ የተመለሰ አይሁን። የትያትር ጥበባት መምህራን ጽሑፉን ቢያዩልን ደስ ይለናል። መጻፍ ወይም መጫወት የሚፈልግ ከስብሰባው በኋላ በሩ አጠገብ ያገኘኛል።